ማቀዝቀዣው ማቀዝቀዝ ሲያቆም
ለሰበካ ጉባኤያትና ለአገልጋዮች የቀረበ ትምህርት

በዚህ ዘመን ማቀዝቀዣ (ፍሪጅ) በብዙ አጥቢያዎች ቅጥር ውስጥ ይገኛል። በአረጋውያን መጦሪያው፣ በእንግዳ ማረፊያው፣ በወጥ ቤቱ፣ አልፎ አልፎም በክሊኒኩ ቆሞ እናየዋለን። በአገልጋዮች ቤትም እንዲሁ ነው። አገልግሎቱን ሲያቋርጥ የሚደርሰው ጉዳት ከወተትና ከወጥ መበላሸት ያልፋል፤ በመጦሪያው ውስጥ ያለች የስኳር ሕመምተኛ እናት መድኃኒት የሚቀመጠው በዚያው ማቀዝቀዣ ውስጥ ነውና። የጥገናው ወጪም የሚከፈለው ምእመናን ከሰጡት ገንዘብ ነው። ስለዚህ የኮሚቴ አባላት ባለሙያ ከመጥራታቸው በፊት ራሳቸው ሊመረምሩት የሚችሉትን፣ ባለሙያው ሲመጣም ሊጠይቁት የሚገባቸውን ማወቅ ይጠቅማቸዋል ብለን ይህን አዘጋጅተናል።

በመጀመሪያ አንድ ነገር እንረዳ። ማቀዝቀዣ ብርድን አይፈጥርም፤ በውስጡ ያለውን ሙቀት እየሰበሰበ ወደ ውጭ ያወጣል። ሙቀቱን የሚሸከመው በቱቦ ውስጥ የሚዞር ጋዝ ሲሆን፣ ጋዙን የሚገፋው ደግሞ በተለምዶ ሞተር የምንለው ኮምፕሬሰር ነው። ስለዚህ ችግሩ ከአራቱ አንዱ ይሆናል፤ ኃይል በአግባቡ አልደረሰም፣ ሙቀቱ መውጫ አጥቷል፣ የውጭ ሙቀት እየገባ ነው፣ ወይም ጋዙ አምልጧል። ብዙ ሰው የሚጀምረው ከመጨረሻው ነው። እኛ ግን ከመጀመሪያው እንድንጀምር እንመክራለን፤ ምርመራው ገንዘብ አይጠይቅምና።

ኃይሉን በተመለከተ

በሩ ሲከፈት የውስጡ መብራት ካልበራ፣ ሶኬቱን በሌላ ዕቃ መፈተን ይቀድማል። መብራቱ በርቶ ነገር ግን ደብዘዝ ካለ የኃይል ማነስ አለ ማለት ነው። በአገራችን ለቤት የሚደርሰው ኃይል 220 ቮልት ሲሆን፣ ሲያንስ አምፖል በደብዛዛው ይበራል፤ ሞተር ግን ለመነሣት አቅም ያጣል። በአጥቢያ ወጥ ቤት የዚህ ዋነኛ ምክንያት የኤሌክትሪክ ምጣድ ነው። አንድ ምጣድ ከ3 ኪሎ ዋት በላይ ኃይል ይወስዳል። ማቀዝቀዣው ከምጣዱ ጋር በአንድ መስመር ላይ ከዋለ፣ ይልቁንም በማከፋፈያ ገመድ ከተቀጠለ፣ እንጀራ በሚጋገርበት ቀን ሁሉ «ይታመማል»። መድኃኒቱ ለማቀዝቀዣው የራሱን ሶኬት መስጠት ነው።

ሞተሩ ለመነሣት ሞክሮ «ቀጭ» ብሎ ሲቆም፣ ከጥቂት ደቂቃ በኋላም ያንኑ ሲደግም ከተሰማ፣ መከላከያው ሞተሩን ከቃጠሎ እየጠበቀው ነው። ምክንያቱ የኃይል ማነስ፣ ወይም የማስነሻው ክፍል (ሪሌው ወይም ካፓሲተሩ) መበላሸት ሊሆን ይችላል። ሁለተኛው ባለሙያ የሚሠራው ሥራ ነው፤ የማስነሻው ክፍል ዋጋ ግን ከሞተር ዋጋ ጋር አይወዳደርም። ስለዚህ «ሞተሩ ሞቷል» ሲባል፣ አስቀድሞ ማስነሻው ተለውጦ ተሞክሮ እንደሆነ መጠየቅ ተገቢ ነው።

መብራት ጠፍቶ ወዲያው ሲመለስም ሞተሩ ይጎዳል። በቱቦው ውስጥ ያለው ግፊት ገና አልተስተካከለምና። መብራት ሲጠፋ ስፒናውን መንቀል፣ ከተመለሰ በኋላም 5 ደቂቃ ያህል ቆይቶ መሰካት ያስፈልጋል። ይህን በራሱ የሚያዘገይ ስታቢላይዘር መግዛት ለሚችል አጥቢያ ወጪው የሚያስቆጭ አይደለም። በአሜሪካ ከሚኖሩ ወገኖች የተላከ ማቀዝቀዣ ካለ ደግሞ፣ ከጀርባው የተለጠፈው ሰሌዳ ሳይነበብ አይሰካ። በዚያ አገር የሚሠራው በ115 ቮልትና በ60 ኸርዝ ስለሆነ፣ በእኛ ሶኬት ላይ በቀጥታ ቢሰካ ይቃጠላል።

አካሉ ሲነካ የሚነዝር ማቀዝቀዣ በዚያው ቅጽበት ይነቀል። የምድር ሽቦው ሳይታይ እንደገና ሊሰካ አይገባም።

ሙቀት ሲታፈንና ሲገባ

ከጀርባው ያለው ጥቁር ፍርግርግ የሙቀቱ መውጫ ነው። ከግድግዳ ጋር ከተጣበቀ፣ አቧራ ከሸፈነው ወይም ማቀዝቀዣው ከከሰል ምድጃ አጠገብ ከቆመ፣ ሞተሩ ቀኑን ሙሉ እየሠራ እንኳ ውስጡ አይቀዘቅዝም። ከግድግዳው 10 ሳንቲሜትር ያህል ማራቅና በየጥቂት ወራቱ ስፒናውን ነቅሎ አቧራውን በብሩሽ መጥረግ ይበቃል። በአዳዲሶቹ ዓይነቶች ፍርግርጉ በጎን ግድግዳ ውስጥ ስለተቀበረ ጎኑ ቢሞቅ አያስደንግጥ።

የበሩን ጎማ ለመፈተን የ10 ብር ኖት በሩ ላይ አድርጎ መዝጋትና መሳብ ነው። ኖቱ ያለ ምንም መያዝ ከወጣ ጎማው አየር ያስገባል። ብዙ ጊዜ የሚያስፈልገው ለብ ባለ ውኃና በሳሙና መታጠብ ብቻ ነው። የሙቀት መቆጣጠሪያው ቁጥርም ያሳስታል፤ ቁጥሩ ዲግሪ አይደለም፤ በአብዛኞቹ ላይ ቁጥሩ ሲጨምር ቅዝቃዜው ይጨምራል። «ሞቀ» ብሎ ቁጥሩን የቀነሰ ሰው ነገሩን ያባብሰዋል።

በረዶው ከወፈረም ቅዝቃዜውን ያፍነዋል። ስፒናውን ነቅሎ በራሱ እንዲቀልጥ መተው ነው። በቢላዋ መፈቅፈቅ ቱቦውን ይበሳል፤ ያን ጊዜ ጋዙ ያመልጣል፤ በርካታ ማቀዝቀዣዎች ከአገልግሎት የሚወጡትም በዚህ ነው። በረዶ አይሠራም በሚባለው ዓይነት ላይ የላይኛው ክፍል ቀዝቅዞ የታችኛው ቢሞቅ፣ ነቅሎ በሩን ከፍቶ አንድ ሙሉ ቀን ማቆየት ጥሩ ፈተና ነው። ከዚያ በኋላ ለጥቂት ቀናት ደኅና ሠርቶ ችግሩ ከተመለሰ፣ ጉድለቱ በረዶ በሚያቀልጠው ክፍል ላይ ነው እንጂ በጋዙ አይደለም።

በአትክልት መሳቢያው ሥር የሚጠራቀም ውኃ በአብዛኛው የሚመጣው ትንሿ የማፍሰሻ ቀዳዳ ስትደፈን ነው፤ በለብታ ውኃ ትጸዳለች።

«ጋዝ ጨርሷል» ሲባል

በዚህ ላይ ጥቂት መቆየት እንወዳለን፤ የአጥቢያ ገንዘብ በከንቱ የሚፈስበት ቦታ ይህ ነውና። የማቀዝቀዣ ጋዝ እንደ ኩራዝ ዘይት አያልቅም። በተዘጋ ቱቦ ውስጥ ስለሚዞር፣ ካልሸሸ በቀር ማቀዝቀዣው እስኪያረጅ ድረስ ያገለግላል። ጎደለ ከተባለ የሚያፈስ ቀዳዳ አለ ማለት ነው። ቀዳዳው ሳይደፈን በየጥቂት ወሩ ጋዝ መሙላት በተቀደደ አቁማዳ እህል እንደ መጫን ነው።

ጋዝ መጉደሉን የሚያመለክቱ ነገሮች አሉ። ሞተሩ ሳያቋርጥ ይሠራል፣ የኋላው ፍርግርግ ግን አይሞቅም፤ በውስጥም በረዶው በአንድ ጥግ ብቻ ይታያል። እነዚህ ሳይታዩ ጋዝ ይሞላ የሚል ባለሙያ ሲያጋጥም ሌላ ሰው ማማከር ይሻላል። ትክክለኛው አሠራር ቀዳዳውን ፈልጎ መበየድ፣ ማጣሪያውን መለወጥ፣ በቱቦው ውስጥ ያለውን አየርና እርጥበት በፓምፕ ስቦ ማውጣት፣ ከዚያም በሰሌዳው ላይ በግራም የተጻፈውን ልክ በሚዛን መዝኖ መሙላት ነው። ባለሙያው ሚዛን ይዞ እንደሆነ ጸሐፊው ወይም ንብረት ክፍሉ በትሕትና ቢጠይቅ ነውር የለበትም። የጋዙንም ስም ከሰሌዳው ላይ ያንብብ። «አር 600 ኤ» የሚባለው በቀላሉ የሚቀጣጠል ስለሆነ፣ ፍሳሽ በተጠረጠረበት ክፍል ሻማም ሆነ ክብሪት አይለኮስ፤ መስኮትና በር ይከፈት።

መብራት ሲጠፋ

በሩ ካልተከፈተ የታችኛው ክፍል 4 ሰዓት ያህል፣ የሞላ የበረዶ ክፍል ደግሞ እስከ 48 ሰዓት፣ በግማሽ የሞላ ከሆነ እስከ 24 ሰዓት ቅዝቃዜውን ይይዛል። ባዶ ቦታውን ውኃ በሞሉ የፕላስቲክ ጠርሙሶች መሙላት ይህን ጊዜ ያራዝማል። ሥጋ፣ ወተትና የተሠራ ወጥ ከ4 ዲግሪ በላይ በሆነ ሙቀት ከ2 ሰዓት በላይ ከቆየ፣ ሽታው ባይለወጥም ለአረጋውያንና ለሕፃናት አይቅረብ። መጣሉ ያሳዝናል፤ ሕመሙ ግን ይብሳል።

ያልተከፈተ ኢንሱሊን የሚቀመጠው ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ባለው ቅዝቃዜ ነው። ስለዚህ ትንሽ ዕቃ ነው ብሎ ቴርሞሜትርን መናቅ አይገባም፤ ዋጋው ምንም ቢሆን ከመድኃኒቱ አይበልጥም። ኢንሱሊን አንድ ጊዜ በረዶ ከሠራ፣ ቢቀልጥም አያገለግልም። ከበረዶው ክፍል ሥር ወይም ከኋላ ግድግዳ ጋር አስጠግቶ ማስቀመጥ የሚያስፈራው ለዚህ ነው። መብራት ለረጅም ጊዜ ሲጠፋ ግን በውኃ የራሰ ሸክላ ዕቃ፣ ጥላ ባለበትና አየሩ ደረቅ በሆነ ቦታ፣ ከአካባቢው ሙቀት ዝቅ ያለ ቅዝቃዜ ይሰጣል። መድኃኒቱ ውኃ በማያስገባ ነገር ተጠቅልሎ በዚያ ይቆይና፣ ስለ ቀጣዩ አጠቃቀም የጤና ባለሙያ ይጠየቅ።

በዐቢይ ጾም 55 ቀናት የወጥ ቤቱ ማቀዝቀዣ ባዶ ሊሆን ይችላል። መድኃኒት ከሌለበት ነቅሎ፣ አጥቦ፣ አድርቆ በሩን ገርበብ አድርጎ ማቆየት ከሻጋታ ያድነዋል። ለትንሣኤ ከአንድ ቀን በፊት ይሰካ፤ ሥጋውም ትኩስ እንደሆነ በአንድ ጊዜ ሳይታጨቅ፣ በትንንሹ ተቆርጦና በመካከሉ አየር የሚያልፍበት ክፍተት ተትቶ ይግባ።