ትምህርት ዘጠኝ፦ አስረጂ ድርሰትና የሁኔታ ሐረጎች

ባለፈው ትምህርት አንድን ነገር መልኩንና ጠባዩን ገልጻችሁ መጻፍን ተለማምዳችኋል። አሁን ደግሞ አንድ ሥራ እንዴት እንደሚከናወን የሚያስረዳ ድርሰት ትመለከታላችሁ። በእንዲህ ዓይነቱ ድርሰት ሁኔታን የሚያመለክቱ ሐረጎች ቢጐድሉ ምን እንደሚያስከትሉ ለመረዳት የሚከተለውን ምንባብ በጥሞና አንብቡ።

የማይታየው ጋዝ

ከምንተነፍሰው አየር ከመቶ 78 እጅ ያህሉ ናይትሮጅን፣ 21 እጅ ያህሉ ኦክሲጅን ነው። ሁለቱ ጋዞች ዘወትር ጐን ለጐን ይኖራሉ እንጂ በቀላሉ አይዋሐዱም። በሲሚንቶ ፋብሪካ ምድጃ ውስጥ ግን ነገሩ ይለወጣል። የኖራ ድንጋዩና ሸክላ አፈሩ ክሊንከር እስኪሆኑ ድረስ 1450 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያህል መጋል አለባቸው፤ ነበልባሉማ ወደ 2000 ዲግሪ ይጠጋል። በዚህ ሙቀት ናይትሮጅንና ኦክሲጅን ተዋሕደው ናይትሪክ ኦክሳይድን ያስገኛሉ። ጋዙ ቀለም የለውም፤ ሰው ጥቁር ጢስ ሲያይ ይጮኻል፣ ይህን ግን አያየውም። ወደ ውጭ ከወጣ በኋላ ቡናማ ወደሆነው ናይትሮጅን ዳይኦክሳይድ ይለወጣል። ይህም ሳንባን ይጐዳል፤ የአሲድ ዝናብም ያስከትላል።

ናይትሮጅኑ በአብዛኛው የሚመጣው ከአየሩ ስለሆነ ነዳጅ መለወጥ ብቻውን አይበቃም። ወደ ነበልባሉ የሚገባውን አየር መመጠን ይረዳል፤ ነገር ግን ምድጃው ከቀዘቀዘ ክሊንከር አይገኝም። ስለዚህ ጋዙ ከምድጃው ወጥቶ በሚያልፍበት መንገድ ላይ አሞኒያ ይረጫል። አሞኒያውም ናይትሪክ ኦክሳይዱን መልሶ ናይትሮጅንና ውሃ ያደርገዋል። ይህ የሚሆነው የጋዙ ሙቀት ከ850 እስከ 1100 ዲግሪ ባለው ክልል ውስጥ ከሆነ ነው። ሙቀቱ ከዚያ ካለፈ አሞኒያው ራሱ ተቃጥሎ ናይትሪክ ኦክሳይድ ይሆናል፤ ከዚያ ካነሰ ደግሞ ሳይሠራ ከጋዙ ጋር ያመልጣል። ከ300 እስከ 400 ዲግሪ ባለው ሙቀት ለመሥራት ቫናዲየም ያለበት ካታሊስት ያስፈልጋል፤ በዚህ ዘዴ በ1970ዎቹ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በሰፊው መሥራት የጀመረችው ጃፓን ናት።

ማብራሪያ

ይህን ምንባብ ያነበበ ተማሪ «አሞኒያ ሲረጭ ጋዙ ይጠራል» ብሎ ጻፈ እንበል። ባለቤቱ አለ፤ ማሰሪያ አንቀጹም በቦታው ነው። በሰዋስው ረገድ ስሕተት አይገኝበትም። ሆኖም ይህን አምኖ በ1300 ዲግሪ አሞኒያ የሚረጭ ሠራተኛ ሊያጠፋው የፈለገውን ጋዝ ያበዛዋል። የጐደለው አንድ የሁኔታ ሐረግ ብቻ ነው።

የግሡንም ቅርጽ አስተውሉ። «ከተረጨ ይጠራል» ስንል ሁኔታው ከተሟላ ውጤቱ የማይቀር መሆኑን እንናገራለን። «ቢረጭ ይጠራል» ስንል መረጨቱን ገና እንጠራጠራለን፤ ወይም ምክር እንሰጣለን። «ተረጭቶ ቢሆን ኖሮ በጠራ ነበር» ስንል ግን አለመረጨቱን መመስከራችን ነው። ለሥራ መመሪያ የሚስማማው የመጀመሪያው ነው፤ ሦስተኛው ጉዳት ከደረሰ በኋላ በሚጻፍ ሪፖርት ውስጥ ይገባል።

መልመጃ

ሀ. ከምንባቡ ሦስት የሁኔታ ሐረጎችን አውጥታችሁ የየዓረፍተ ነገሩን ማሰሪያ አንቀጽ አመልክቱ።
ለ. «አሞኒያ ሲረጭ ጋዙ ይጠራል» የሚለውን ለፋብሪካ ሠራተኛ በሚሆን መመሪያ መልክ አስተካክላችሁ ጻፉ።
ሐ. በቤታችሁ የሚሠራ፣ ሙቀቱ ካልተመጠነ የሚበላሽ አንድ ሥራ መርጣችሁ በአንድ አንቀጽ አስረዱ።