ሲምባን እንዴት ሸኘነው?



ባለፈው ዓመት መጨረሻ አንድ የሦስተኛ ክፍል ተማሪ ቢሯችን መጥቶ፣ «ሲምባን ገጠር ሄደን የምንጠይቀው መቼ ነው?» አለን። መልስ አጣን። ሲምባ ገጠር አልሄደም፤ ሞቷል። ትንንሾቹ እንዳያዝኑ ብለን ውሸቱን ያወራነው እኛው ነበርን። ይህ ትምህርት ለዚያ ልጅ የሚገባው መልስ ነው።

ሲምባ 13 ዓመት ከዘበኛችን ጋር በራችንን ጠብቋል። በኋላ ግን የናይሮቢ የሐምሌ ብርድ ሲበረታ ጠዋት ጠዋት መነሣት ያቅተው ጀመር። ደረጃ መውጣት ተወ፤ የኋላ እግሩን መገጣጠሚያ ይልሳል፤ ወገቡን ሲነኩት ያጉረመርማል። እኛም «አርጅቷል፣ ሰንፏል» ብለን አለፍነው። ስህተታችን ከዚህ ይጀምራል። ውሻ ሲያመው ሁልጊዜ አይጮኽም፤ ሕመሙ የሚታወቀው በአረማመዱ፣ በአተኛኘቱና በጠባዩ ነው። እርጅና በሽታ አይደለም፤ አብሮት የሚመጣው የመገጣጠሚያ ብግነት ግን በሽታ ነው፤ ማስታገሻም አለው። (ተማሪዎች ሆይ፤ ጠባዩ በድንገት የተለወጠና የሚናከስ ውሻ የእብድ ውሻ በሽታ ሊኖርበት ስለሚችል አትቅረቡት፤ ለአዋቂ ንገሩ።)

የእንስሳት ሐኪሙ ማስታገሻ አዘዘለት፤ ክብደቱ እንዲቀንስ ምግቡን መጠነለት፤ ከሲሚንቶ ላይ ተነሥቶ ወፍራም ምንጣፍ ላይ እንዲተኛ፣ በየቀኑም ጥቂት እንዲራመድ መከረን። የሰው መድኃኒት እንዳንሰጠው ደግሞ አጥብቆ አስጠነቀቀን። ኢቡፕሮፌን የውሻን ጨጓራና ኩላሊት ይጎዳል፤ ድመትን አንድ የፓራሲታሞል ክኒን ሊገድላት ይችላል።

ሲምባ አንድ ዓመት ያህል ደህና ከረመ። ከዚያ መድኃኒቱም አልበቃው አለ። ያኔ ሐኪሙ አሜሪካዊቷ የእንስሳት ሐኪም አሊስ ቪላሎቦስ ያዘጋጁትን መለኪያ ሰጠን። ሰባት ጥያቄዎች አሉት፦ ሕመሙ ታግሷል? ይበላል? በቂ ውኃ ያገኛል? ንጽሕናው ይጠበቃል? ደስታ ይታይበታል? ይንቀሳቀሳል? ደጎቹ ቀኖች ከክፉዎቹ ይበልጣሉ? እያንዳንዱ ከ0 እስከ 10 ነጥብ ይሰጠዋል፤ ድምሩ ከ35 በላይ ከሆነ እንክብካቤው ሊቀጥል ይችላል። ከዘበኛችን ጋር በየሳምንቱ መዘገብን፤ 41፣ 36፣ በመጨረሻም 22። ዘበኛችን ወረቀቱን አይቶ፣ «ይበቃዋል፤ ለእኛ ሲል ነው የቆየው» አለ።

ሐኪሙ ግቢያችን ድረስ መጣ። መጀመሪያ የማረጋጊያ መርፌ፣ ቀጥሎ ከፍተኛ መጠን ያለው ማደንዘዣ ወጋው። በዚህ መንገድ እንስሳው አስቀድሞ ራሱን ይስታል፤ ትንፋሹና ልቡ የሚቆሙት ከዚያ በኋላ ነው። ጥቂት ደቂቃ ብቻ ወሰደ። የሲምባ ራስ በዘበኛችን ጭን ላይ ነበር።

አንዳንድ ወላጆች «ይህ ነፍስ ማጥፋት አይደለም ወይ?» ብለውናል። ከባድ ጥያቄ ነው፤ እያንዳንዱ ቤተሰብ እንደ እምነቱ ይምከርበት። እስከ መጨረሻው ማስታመምን የሚመርጥም ሕመሙን እያስታገሠ ያስታምም። ዕድሜውን ሙሉ የጠበቀንን እንስሳ መንገድ ላይ መጣል ወይም መርዝ ማብላት ግን በማንም ዘንድ ርኅራኄ አይባልም።

ለልጁ በማግስቱ እውነቱን ነገርነው። አለቀሰ። ከዚያ፣ «ያኔ ብትነግሩኝ ቻው እለው ነበር» አለን። ይህንን ልንመልስለት አንችልም። ከእንግዲህ ግን በግቢያችን ማንም ሲሞት «ገጠር ሄደ» አንልም።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. በቤታችሁ ወይም በሰፈራችሁ ያረጀ እንስሳ አለ? ለአንድ ሳምንት አረማመዱንና አበላሉን ተከታትላችሁ መዝግቡ።

2. ሲምባን «ሰንፏል» ማለታችን ምን ጉዳት አደረሰ?

3. ወላጆች፤ ልጆቻችሁ ስለ ሞት ሲጠይቋችሁ ምን ትመልሳላችሁ? አብራችሁ ተወያዩበት።