የመሬት መንቀጥቀጥና ዲጂታል መሣሪያ

በ2017 ዓ.ም. በአዋሽና በፈንታሌ አካባቢ ምድር በተደጋጋሚ በተንቀጠቀጠች ጊዜ፥ ንዝረቱ እስከ አዲስ አበባ ደርሶ ከመኝታችን ያስነሣን ብዙዎች ነን። ደረጃውን እየዘለልን ወደ ሜዳ ከወጣን በኋላ ሁላችንም ስልካችንን አየን። ስልኩም ከእውነተኛው ወሬ ይልቅ አሉባልታውን አስቀደመልን። «ከአንድ ሰዓት በኋላ ከዚህ የበረታ ይመጣል» የሚል መልእክት ከእጅ ወደ እጅ ተላለፈ። ነገር ግን የመሬትን መንቀጥቀጥ ቀኑንና ሰዓቱን ለይቶ አስቀድሞ የሚናገር መሣሪያ እስከ ዛሬ አልተገኘም። እንግዲህ መሣሪያው የሚችለው ምንድን ነው፥ የማይችለውስ? ይህን መመርመር የሳይንስ ፋኩልቲ ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን ሥራ ብቻ አይመስለንም።

በመጀመሪያ የሚችለውን እንመልከት። ምድር ከውስጥ ስትሰነጠቅ ሁለት ዓይነት ሞገድ ይነሣል። አንደኛው ፈጣን ነው፥ ጉዳቱ ግን ቀላል ነው፤ ሁለተኛው ዘገምተኛ ሲሆን ቤት የሚያፈርሰው በአብዛኛው እርሱ ነው። ጃፓኖች እ.ኤ.አ. ከ2007 ጀምሮ ለሕዝብ የከፈቱት የማስጠንቀቂያ አገልግሎት በዚህ ልዩነት ይጠቀማል። የመለኪያ ጣቢያዎች ፈጣኑን ሞገድ እንደ ያዙ፥ ኮምፒዩተር ስፍራውንና ኃይሉን ገምቶ በቴሌቪዥንና በስልክ ያስታውቃል። የሚገኘው ጊዜ ጥቂት ሴኮንድ ነው፤ ቢሆንም ባቡር ለማዘግየትና ከጠረጴዛ ሥር ለመግባት ይበቃል። ለመነሻው ቅርብ ለሆነ ሰው ግን ማስጠንቀቂያው ከመናወጡ በኋላ ሊደርስ ይችላል።

መሣሪያው ይሳሳታልም። እ.ኤ.አ. ማርች 11 ቀን 2011 በጃፓን የደረሰው መንቀጥቀጥ ኃይሉ 9.0 ሲሆን፥ የመጀመሪያው ግምት 7.9 ነበር። ስለዚህ ለኢዋቴ ጠረፍ 3 ሜትር የባሕር ማዕበል ይመጣል ተብሎ ተነገረ፤ የመጣው ግን ከዚያ እጅግ የበለጠ ሆነ። ቁጥሩ ኋላ ቢታረምም፥ መብራት በመቋረጡ እርማቱ ያልደረሰው ብዙ ሰው ነበር። ከዚህ የምንማረው፥ ምድር በብርቱ ስትናወጥ የባሕር ዳር ሰው ቁጥር ሳይጠብቅ ወደ ኮረብታ መውጣት እንዳለበት ነው።

ለእኛ ለአርት ተማሪዎች ከሁሉ የሚቀርበው የሃይቲ ታሪክ ነው። እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 12 ቀን 2010 ኃይሉ 7.0 የሆነ መንቀጥቀጥ ፖርቶ ፕሪንስን ባፈረሰ ጊዜ፥ በልዩ ልዩ አገር ያሉ በጎ ፈቃደኞች ከሳተላይት ፎቶግራፍ እየተመለከቱ የከተማውን መንገዶች ኦፕን ስትሪት ማፕ በተባለው ካርታ ላይ ነደፉ። ሕዝቡም በ4636 ቁጥር ያለ ክፍያ የስልክ መልእክት ይልክ ጀመር። መልእክቱ የሚመጣው ግን በክሬዮል ነበር፤ ከውጭ ከመጡት ረዳቶች ብዙዎቹ ይህን ቋንቋ አያውቁም። በዚህ ጊዜ በውጭ አገር የሚኖሩ የሃይቲ ተወላጆች ቀንና ሌሊት ተርጓሚ ሆነው ተሰለፉ። የሰፈሩን ስም ሲሰሙ የት እንደ ሆነ የሚያውቁ እነርሱ ነበሩና። ሳተላይቱ ፍርስራሹን አየ፤ ከፍርስራሹ ሥር ያለው ሰው ምን እንደሚል የነገረን ግን ቋንቋ ዐዋቂው ነው።

ወደ አገራችን ስንመለስ፥ በ1953 ዓ.ም. በካራቆሬ አካባቢ በደረሰው መንቀጥቀጥ የማጀቴ ከተማ ፈርሳ ነበር። ዛሬ የሳተላይት ራዳር ከሰማይ ሆኖ በፈንታሌ ምድር እንዴት እንደ ተለጠጠች ለመለካት ችሏል። ነገር ግን በዚያ የሚኖረው ሕዝብ የሚናገረው በአብዛኛው አፋርኛና ኦሮምኛ ነው። «ከግድግዳ ራቁ፥ ከተሰነጠቀ ቤት አትግቡ» የሚለው አጭር ቃል በእነዚህ ቋንቋዎች ዛሬውኑ ካልተዘጋጀ፥ መሣሪያው ብቻውን ምን ይጠቅማል?

ስለዚህ ሁለት ነገር እናቀርባለን። ቋንቋዎቹን የምናውቅ ተሰብስበን፥ ከጂኦፊዚክስ ተማሪዎች ጋር ሆነን የማስጠንቀቂያ ቃላትንና የየሰፈሩን ስም እንመዝግብ። እስከዚያው ድረስ ደግሞ ምንጩ ያልታወቀ መልእክት እጃችን ሲገባ ከእኛ አይለፍ። ያን ሌሊት በሜዳው ላይ አሉባልታውን ያስተላለፍነው እኛው ራሳችን ነበርንና።