የየቲሞች ገመና በማኅበራዊ ሚዲያ ዘመን

በበና ፀማይ ወረዳ የምትገኘውን አልዱባን በገበያ ቀን የጎበኘ ሰው አንድ ነገር ሳያስተውል አይመለስም። ከየአካባቢው ወደ ገበያው የወጡ ሰዎች ካሜራ ያነገተ እንግዳ ሲቀርባቸው በቅድሚያ ስለ ዋጋው ይነጋገራሉ። ጥቂት ብር ካልተከፈለ ፎቶ የለም፤ ያልፈለገውም ፊቱን አዙሮ መንገዱን ይቀጥላል። በቀይ አፈር የሐሙስ ገበያም ሆነ በዲመካ የቅዳሜ ገበያ ነገሩ ያው ነው። ይህን ልማድ እንደ ስግብግብነት ቆጥረው የሚነቅፉ ብዙዎች ናቸው። እኛ ግን በውስጡ አንድ ትክክለኛ ግንዛቤ እናያለን፤ ይኸውም የሰው መልክ የባለቤቱ መሆኑና ያለ ፈቃዱ የማይወሰድ መሆኑ ነው።

ወደ የቲሞች ጉዳይ ስንመጣ ነገሩ ይገለበጣል። በረመዷን ወይም በትምህርት መክፈቻ ወቅት ዱቄት፣ ዘይት፣ ደብተርና ቦርሳ ሲታደል፣ ሕፃናቱ ተሰልፈው የተሰጣቸውን ደረታቸው ላይ አቅፈው ፎቶ የሚነሱበት ጊዜ ብዙ ነው። ፎቶው በዚያው ዕለት በፌስቡክ፣ በቴሌግራም ወይም በቲክቶክ ይወጣል። ከሥሩም የልጁ ስም ከነአባቱ፣ አባቱ በምን ምክንያት እንደሞተ፣ እናቱ በምን እንደምትተዳደር፣ የሚማርበት ትምህርት ቤትና የሰፈሩ ስም ይጻፋል። የገበያዋን ሴት ፎቶ ለማንሳት የሚፈልግ እንግዳ ይለምናታል፤ ይከራከራታል። የቲሙን ግን የሚጠይቀው የለም። ቢጠየቅስ፣ ደብተሩን ገና በእጁ የጨበጠ ሕፃን «አልፈልግም» ለማለት ምን አቅም አለው? የዱቄቱን ከረጢት የተቀበለችው እናትስ?

ሃይማኖታችን የሰውን ገመና በእጅጉ ይጠብቃል። በሱረቱ አን-ኑር ወደ ሰው ቤት ከመግባታችን በፊት ፈቃድ እንድንጠይቅና ሰላምታ እንድናቀርብ ታዘናል፤ «ተመለሱ» ከተባልንም እንድንመለስ። ሰው በራፉን ዘግቶ የሚኖርበትን ድህነት በስልክ ቀርጾ ለአገር ማሳየት በሩን ሳያንኳኩ ከመግባት በምን ይሻላል? በሱረቱ አል-በቀራህም ሶደቃን በመመጻደቅና ተቀባዩን በማስከፋት እንዳናበላሸው ተነግሮናል። እርግጥ ነው፣ ሌላውን ለማነሣሣት ሲባል ሶደቃን በይፋ መስጠት ተፈቅዷል። ነገር ግን ይፋ እንዲሆን የተፈቀደው መስጠቱ ነው፤ የተቀባዩ ፊት አይደለም። ይህ ልዩነት በብዙዎቻችን ዘንድ ተዘንግቷል።

ጉዳዩ የክብር ብቻ አይደለም፤ የደኅንነትም ነው። የሰው ፎቶ፣ ስምና የመኖሪያ ሰፈር በአንድ ላይ ሲወጡ ምን ሊያስከትሉ እንደሚችሉ አገራችን በመራራ ሁኔታ አይታለች። በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የኬሚስትሪ መምህር የነበሩት ፕሮፌሰር መዐረግ አማረ በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ በፌስቡክ ፎቷቸው ከክስ ቃላት ጋር ተለጠፈ፤ የሚሠሩበትና የሚኖሩበት ቦታም አብሮ ተገለጸ። ቤተሰባቸው ጽሑፎቹ እንዲወርዱ ለድርጅቱ ቢያመለክትም በጊዜው አልወረዱም። ፕሮፌሰሩ ጥቅምት 24 ቀን 2014 ዓ.ም. በቤታቸው ደጃፍ በጥይት ተመተው ሕይወታቸው አለፈ። ልጃቸው በታኅሣሥ 2015 ዓ.ም. የፌስቡክን ባለቤት ሜታን በናይሮቢ ከሰሰ፤ የኬንያ ከፍተኛ ፍርድ ቤትም በመጋቢት 2017 ዓ.ም. ጉዳዩን የማየት ሥልጣን እንዳለው ወሰነ። ያ ጥላቻ ነበር፤ የእኛ ጉዳይ ደግሞ ርኅራኄ ነው፤ ሁለቱ አይመሳሰሉም የሚል ይኖራል። በሐሳባቸው አይመሳሰሉም። መረጃው ግን አንዴ ከወጣ በኋላ የሚያነበውን ሰው ልብ አይመርጥም። የወጣ ጽሑፍ እንዲወርድ መጠየቅም በጊዜው መልስ ላያገኝ እንደሚችል ከዚህ ታሪክ እንረዳለን።

የየቲም ልጅ ፎቶ በተለይ ለሦስት ዓይነት ሰው ይመቻል። አንደኛው አጭበርባሪ ነው፤ ፎቶውን ወስዶ የራሱን የባንክ ቁጥር ከሥሩ ጽፎ በልጁ ስም ይለምንበታል። ሁለተኛው ሕፃናትን ለክፉ የሚፈልግ ነው፤ አባት የሌለው፣ እናቱ ቀኑን ሙሉ ገበያ የምትውል፣ በእገሌ ትምህርት ቤት የሚማር ልጅ ብሎ የጻፈለት ሰው ሥራውን አቅልሎለታል። ሦስተኛው ማንም የማይጠረጥረው የክፍል ጓደኛ ነው። ዛሬ የሰባት ዓመት ሕፃን የሆነው ልጅ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ጂንካ ከተማ ለሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ሲገባ፣ ያ ፎቶ በጓደኞቹ ስልክ ቢገኝ ምን ይሰማዋል? በጎልማሳ ዓይን ትንሽ የሚመስለው ይህ ሦስተኛው ጉዳይ ልጅን ከትምህርት ገበታው ለማስቀረት ይበቃል። በመምህርነት ብዙ ዓመት ያሳለፍን ሰዎች ልጆች ከረሃብ ይልቅ ስድብን እንደሚፈሩ እናውቃለን።

በዚህ ጊዜ ከለጋሾች አንድ ተገቢ ጥያቄ ይነሳል፤ «ፎቶውን ካላየን ገንዘባችን መድረሱን በምን እናውቃለን?» ይባላል። ጥያቄው መጠየቅ አለበት፤ ዘካና ሶደቃ አማና ነውና። ይሁን እንጂ ፎቶ ማስረጃ መስሎ ይታያል እንጂ ጠንካራ ማስረጃ አይደለም። አንድ ልጅ አንድ ጊዜ ቦርሳ አቅፎ መነሳቱ በየወሩ መረዳቱን አያሳይም፤ የዚያው ልጅ ፎቶ ለአምስት ለጋሽ ቢላክም የሚያውቅ የለም። ከፎቶ የሚሻለው ለእያንዳንዱ ልጅ የመዝገብ ቁጥር ሰጥቶ፣ ስሙንና አድራሻውን በተቆለፈ መዝገብ አስቀምጦ፣ ለለጋሹ በቁጥሩ ሪፖርት ማድረግ ነው። በሪፖርቱም የአሳዳጊው የተፈረመበት ደረሰኝ መኖሩ፣ የልጁ የትምህርት ውጤት፣ የጤናው ሁኔታ ይገለጻል። የሚጠራጠር ለጋሽ ራሱ ወይም የሚያምነው ሰው ከኮሚቴው ጋር ሄዶ መዝገቡን ይመልከት፤ ስልኩን ግን ኪሱ ውስጥ ይተው። ለገጽ የሚሆን ምስል ካስፈለገም የተደረደሩ ደብተሮች፣ የከረጢት ክምር ወይም ከኋላ የተነሳ ሰልፍ ይበቃል።

ይህ የሕግም ጉዳይ ነው። የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 26 የግል ሕይወት የመከበርና የመጠበቅ መብትን ለማንኛውም ሰው ሰጥቷል። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 ደግሞ የሰዎችን መረጃ የሚሰበስብና የሚጠቀም አካል ሊያከብራቸው የሚገቡ ግዴታዎችን ይደነግጋል። አፈጻጸሙንም የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለስልጣን እንዲቆጣጠር ተደርጓል።

አሁን ደግሞ ወደ ቤተሰቦች እንመለስ። እናቶች ሆይ! ስልካችሁን ልጆቻችሁ ስለሚያዟችሁ ብቻ የማይመለከታችሁ አይምሰላችሁ። ቴሌብር በ2013 ዓ.ም. ከተጀመረ ወዲህ ስልክ እንደ ገንዘብ ቦርሳ ሆኗል። «ከማኅበሩ ነው የምንደውለው፤ ብር ስለመጣልሽ የደረሰሽን ቁጥር ንገሪን» የሚል ሰው ቢደውል፣ ስምሽንና የልጆችሽን ቁጥር በትክክል ቢጠራ እንኳ አትመኚው፤ እነዚህን ከተለጠፈ ጽሑፍ ሊያነባቸው ይችላል። በአጭር መልእክት የሚደርስ የማረጋገጫ ቁጥርና የቴሌብር የምስጢር ቁጥር ለማንም አይነገሩም፤ ለማኅበር ሠራተኛም፣ ለዘመድም። በቴሌግራም ሴቲንግ ውስጥ የስልክ ቁጥራችሁን ማንም እንዳያይ ማድረግ፣ ሁለተኛ የይለፍ ቃልም መጨመር ይቻላል፤ ይህን የሚያውቅ ልጅ በየቤቱ አይጠፋም። በስልኩ ካሜራ ላይ ቦታ የሚመዘግበውን ሎኬሽን ማጥፋትም ያስፈልጋል፤ ፎቶ በፋይል መልክ ሲላክ የተነሳበት ስፍራ አብሮት ሊሄድ ይችላልና። የትምህርት ቤት ደንብ ልብስ፣ የቤት በር፣ የቀበሌ መታወቂያ በፎቶ ውስጥ መታየት የለባቸውም። እርዳታ የሚታደልበትን ቀንና ቦታ አስቀድሞ በቴሌግራም ግሩፕ ማስታወቅም የማይመከር ነው።

ከፍ ያሉትን ልጆች በሚመለከት ነገሩ ይከብዳል። የአባት ናፍቆት ያለበት ልጅ በስልክ «ልጄ» ብሎ ለሚጠራው ሰው ልቡ ቶሎ ይከፈታል። ወደ ዐረብ አገር ወይም ወደ አዲስ አበባ ሥራ እናስገባሻለን የሚሉ ደላሎች፣ ስጦታ ልከው ፎቶ የሚጠይቁ፣ ፎቶውን ካገኙም በኋላ ማስፈራራት የሚጀምሩ አሉ። ልጃችሁ እንዲህ ያለ ነገር ሲነግራችሁ ቁጣና ዱላ አትቅደሙ፤ ስልኩንም አትንጠቁ። የተቆጣ ልጅ ሁለተኛ አይናገርም፤ አስፈራሪው የሚፈልገውም ይህንኑ ዝምታ ነው። ገንዘብ አትላኩ፤ መልእክቶቹን አታጥፉ፤ የስልኩን ገጽ በስክሪንሾት አስቀርታችሁ ወደ ፖሊስ ሂዱ። የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 በኮምፒዩተር የሚፈጸም ማስፈራራትንና በሕፃናት ላይ የሚፈጸም ጸያፍ ድርጊትን ያስቀጣል።

ቀደም ሲል የወጡ ፎቶዎችስ? ቤተሰቡ ለገጹ ባለቤት እንዲያወርደው የመጠየቅ መብት አለው፤ ለዚህም ምክንያት መደርደር አይጠበቅበትም። የተጠየቀውም ሳይከራከር ፎቶውን ያውርድ፤ ለላከለት ሁሉ ደውሎ ከስልካቸው እንዲያጠፉት ይንገራቸው። በሌላ ሰው ገጽ የወጣ ከሆነ በራሱ በፌስቡክ ወይም በቴሌግራም ባለው የሪፖርት ማድረጊያ ማመልከት ይቻላል። ይህን ማድረግ የማይችሉ እናቶች የገጹን ስምና ፎቶው የወጣበትን ቀን በወረቀት አጽፈው ለአካባቢያቸው ኮሚቴ ይስጡ።