ቱሽን የማያስከፍለው ቤርያ ኮሌጅ

ዘንድሮ ኮሌጅ የምታመለክቱ ታናናሾቻችን፣ «ሊበራል አርትስ» ስትሉ ወላጆቻችሁ ሥዕል ልትማሩ ይመስላቸው ይሆናል። እኛም ቤት ያው ነበር። ነገሩ ሌላ ነው፤ ተማሪው ከዋናው ትምህርቱ ጋር ታሪክ፣ ሳይንስ፣ ሒሳብና ቋንቋ አብሮ ይማራል። አብዛኞቹ ትንንሽ የግል ኮሌጆች ናቸው። ነርሲንግ የሚያስተምሩም አሉ።

አንዱ ኬንታኪ ያለው ቤርያ ነው። ስሙ ከሐዋርያት ሥራ የተወሰደ ነው (እናቶቻችን ይህን ሲሰሙ ደስ ይላቸዋል)። ወደ 1,500 ተማሪዎች አሉት፤ ከ1892 እ.ኤ.አ. ጀምሮም ቱሽን አያስከፍልም።

ታዲያ ገንዘቡ ከየት ይመጣል? ትልቁ ድርሻ ኢንዶውመንት ከሚባለው ነው፤ ለጋሾች ለዘመናት የሰጡት ገንዘብ ሳይነካ ተቀምጦ፣ ከትርፉ በየዓመቱ ይወሰዳል። ተማሪውም ዝም ብሎ አይቀመጥም። ሁሉም በሳምንት ቢያንስ 10 ሰዓት ኮሌጁ ውስጥ ይሠራል፤ እርሻ ላይ፣ ቢሮ ውስጥ፣ ሽመናና መጥረጊያ መሥራትም አለ። ይከፈለዋል። የሚቀበሉት ግን አቅሙ ውስን የሆነ ቤተሰብ ልጅ ነው፣ ለአፓላቺያ ተራሮች አካባቢ ልጆችም ያደላሉ። መኝታና ምግብ ከቱሽን ውጭ ስለሆኑ «ነፃ ነው» ብላችሁ አትቸኩሉ።

እኔን የሳበኝ ታሪኩ ነው። መሥራቹ ጆን ፊ የባሪያ አሳዳሪ ልጅ ሆኖ ባርነትን የተቃወመ ቄስ ነበር። ትምህርት ቤቱን በ1855 ጀመረ፤ በ1859 የባርነት ደጋፊዎች እሱንና ባልደረቦቹን ከግዛቱ አባረሯቸው። ከጦርነቱ በኋላ ተመልሰው በ1866–67 ካስተማሯቸው 187 ተማሪዎች 96ቱ ጥቁሮች፣ 91ዱ ነጮች ነበሩ። ያኔ፣ በደቡብ! በ1904 ግን ኬንታኪ ጥቁርና ነጭ አብረው እንዳይማሩ በሕግ ከለከለች። ኮሌጁ ተከራከረ፣ በ1908 ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፈረደበት። ጥቁር ተማሪዎች የተመለሱት ሕጉ በ1950 ከተሻሻለ በኋላ ነው። በ1926 የጥቁሮች ታሪክ ሳምንትን የጀመረው ካርተር ዉድሰን ከዚያው የተመረቀው በ1903 ነበር፤ ክልከላው ሊመጣ አንድ ዓመት ሲቀረው።

ሁላችሁም ቤርያ ግቡ እያልኩ አይደለም። ነገር ግን ስሙን አልሰማነውም ተብሎ ትንሽ ኮሌጅ አይናቅ፣ የተለጠፈውን ዋጋ አይታችሁም አትሽሹ። የፌዴራል የተማሪ ድጎማ የሚቀበሉ የአሜሪካ ኮሌጆች የየራሳቸው «ኔት ፕራይስ ካልኩሌተር» እንዲኖራቸው ሕግ ያስገድዳል። ከአባታችሁ ጋር ቁጭ በሉና የቤተሰቡን ገቢ አስገቡ፤ ዕርዳታው ተቀንሶ የሚቀረው ግምት ይወጣል። ነርሲንግ የምትፈልጉ ደግሞ ከተመራቂዎቹ ስንቶቹ የኤንክሌክስን ፈተና በመጀመሪያው ሙከራ እንዳለፉ ሳትጠይቁ አትፈርሙ።