ወተት የማያወጣው የማተሚያ ቤት ትነት

በማተሚያ ቤት የሚሠራ አባት፣ ወንድም ወይም ልጅ ካላችሁ የዛሬው ትምህርት እናንተን ይመለከታል።

የማተሚያ ቤት አደጋ ሲባል ቶሎ ትዝ የሚለን ጣት የሚይዘው ሮለርና የወረቀት መቁረጫው ነው። እርግጥ ነው፣ ማሽን ሳያጠፉ ማጽዳት ጣት ያስቆርጣል። ከዚህ የማይተናነሰውን ሌላ አደጋ ግን ዐይን አያየውም። እርሱም ከቀለም ማጠቢያው ፈሳሽ የሚወጣው ትነት ነው። በትንፋሽ ወደ ሳንባ፣ ከሳንባም ወደ ደም ይገባል። ራስ ምታት፣ ማዞርና ማቅለሽለሽ ምልክቶቹ ናቸው።

በጃፓን ኦሳካ ከተማ በአንድ ማተሚያ ቤት፣ አየር በደንብ በማይዘዋወርበት ክፍል ማሽን ሲያጥቡ የኖሩ ሠራተኞች በሐሞት ቱቦ ካንሰር ታመሙ። በሽታው ብዙውን ጊዜ የሚታየው በአረጋውያን ሲሆን እነርሱ ግን ገና ወጣቶችና ጎልማሶች ነበሩ። ጉዳዩ እ.ኤ.አ. በ2012 ይፋ ወጣ። በ2014 ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ ከማጠቢያዎቹ አንዱን፣ 1,2-ዳይክሎሮፕሮፔንን፣ በሰው ላይ ካንሰር ያመጣል ሲል መደበው።

«ወተት እንጠጣለን፤ ምንም አንሆንም» የሚሉ አሉ። ወተት ጥሩ ምግብ ነው፤ ደም ውስጥ የገባን ኬሚካል ግን አያወጣም። ስስ የአቧራ ማስክም ትነትን አያስቀርም።

ታዲያ ምን እናድርግ?

1. ስታጥቡ በርና መስኮት ክፈቱ፤ አየር ማውጫ ካለ አብሩ። ለትነት የተሠራ ማጣሪያ ያለው ማስክና ኬሚካል የሚችል ጓንት ተጠቀሙ።

2. የፈሳሹን ዕቃ ክደኑ። የተነከረውን ጨርቅ ክዳን ባለው ብረት ዕቃ አስቀምጡ፤ እሳትም ይስባልና።

3. ፈሳሹን በውሃ ፕላስቲክ አትገልብጡ። በስህተት የጠጣ ሰው ቢኖር እንዲያስመልስ አታስገድዱት፤ ዋናውን ዕቃ ይዛችሁ ፈጥናችሁ ወደ ሐኪም ውሰዱት።

4. ለውዱእ ወይም ለምግብ ስትዘጋጁ እጃችሁን በቤንዚን ወይም በቲነር አታጽዱ። የቆዳን ወዝ ይገፍፋል፣ ያቆስላልም። ቀለሙን በምግብ ዘይት አላልታችሁ በሳሙና ታጠቡ።

5. የሥራ ልብስ ከልጆች ልብስ ጋር አይታጠብ።

አሠሪዎችም አስቡበት። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የአደጋ መከላከያ እንድታቀርቡና ሠራተኛውን ስለ አደጋው እንድታስተምሩ ያዛል። የሠራተኛ ጤና በእጃችሁ ያለ አማና ነው።

አላህ ሐላል ሲሳያችንን ከሙሉ ጤና ጋር ያድርግልን። አሚን።