መሐል ሜዳ ለወራት ለሚከርም ሰው

ከአዲስ አበባ ሲነሱ በደብረ ብርሃን አልፈው የደሴን አስፋልት ይዘው ይጓዛሉ። ጣርማ በር ላይ፣ ጣሊያን የሠራው ዋሻ ሳይደርሱ፣ ወደ ግራ ይገነጠላሉ። ከዚያ ወዲያ መንገዱ በብርዳማው ደጋ አቋርጦ መሐል ሜዳ፣ የመንዝ ጌራ ምድር ወረዳ ዋና ከተማ ያደርሳል። ከመነሳትዎ በፊት ግን የሚደረግ አንድ ነገር አለ። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ በአማራ ክልል የተነሳው ግጭት ሰሜን ሸዋንም ነክቷል። ስለዚህ እዚያው ከሚኖር ሰው ጋር በስልክ ይነጋገሩ፤ መንገዱ ዛሬ እንዴት እንደሆነ ይጠይቁ፤ «ቆይ» ካለዎት ይቆዩ። ለአንድ ቀን ቀጠሮ ሲባል የአካባቢውን ሰው ምክር መጣስ አይገባም።

ይህ መመሪያ የተጻፈው በጎ ፈቃደኛ ሆኖ ለሚሄድ ሰው ነው። ትምህርት ቤት ለማስተማር፣ ሆስፒታል ለማገዝ ወይም በጓሳ የሣር ምድር ላይ ለመሥራት የመጣ የከተማ ልጅ፣ ውጭ አገር ያደገ ኢትዮጵያዊ ወይም የሌላ አገር ሰው ሊሆን ይችላል። እንግዳ አገር ለአገልግሎት ሄዶ መክረም በእኛ ዘንድ አዲስ ነገር አይደለም። በ1950ዎቹ ሁለተኛ አጋማሽ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ከመመረቃቸው በፊት አንድ ዓመት በየጠቅላይ ግዛቱ ያገለግሉ ነበር። በ1967 ዓ.ም. ደግሞ የእድገት በኅብረት ዘመቻ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ተማሪዎችንና መምህራንን ወደ ገጠር አሰማርቷል። የአሜሪካ ሰላም ጓድ መምህራንም እ.ኤ.አ. ከ1962 ጀምሮ በየአውራጃው ከተማ ቤት ተከራይተው ኖረዋል።

መንዝን ከውጭ መጥተው ካወቁት ውስጥ ግን ስሙ ቀድሞ የሚነሳው ዶናልድ ሌቪን ነው። በጎ ፈቃደኛ አልነበረም፤ የማኅበራዊ ጥናት ሊቅ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጨረሻ መጥቶ አማርኛ ተማረ፤ ከመንዝ ገበሬዎች ጋር ኖረ፤ እ.ኤ.አ. በ1965 «ሰምና ወርቅ» የተባለውን መጽሐፉን አሳተመ። ኢትዮጵያውያን ወዳጆቹ ሊበን ብለው ይጠሩት ነበር፤ ያም ወዳጅነት እስከ ሕይወቱ ፍጻሜ ዘለቀ። ወደ መንዝ የሚሄድ ሰው የእርሱን አካሄድ ልብ ቢል ይጠቀማል፤ መጀመሪያ ቋንቋውን ተማረ፣ ቀጥሎ ከሰው ጋር ተቀምጦ በላ፣ ጻፈ የሚባለው ከዚያ በኋላ ነው። እኔም የምለው ይህንኑ ነው። መንዝ ውስጥ ሰው ወዳጅ የሚሆነው መቀበልም መመለስም ሲያውቅ ነው፤ ሊረዳ የመጣ ሰው ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚቸግረው መቀበሉ ነው።

ቤት ሲከራዩ ከሌሎች ሰዎች ጋር ግቢ የሚጋሩበትን ይምረጡ። ብቻውን የታጠረ ቤት ጸጥታ ይሰጣል፤ ጎረቤት ግን ያሳጣል። ከተማው ከባሕር ወለል በላይ ከ3,000 ሜትር ከፍ ያለ ስለሆነ ከጥቅምት እስከ ጥር ሌሊቱ ውርጭ ነው። ወፍራም ብርድ ልብስ፣ ጋቢና የሱፍ ካልሲ ይያዙ፤ የጎደለውን ከመንዝ በግ ጸጉር የተሠራ ባና ከገበያ ገዝተው ይሙሉት። ቀን ላይ ፀሐዩ ፊት ይልጣልና ባርኔጣ አይርሱ። ውሃ 90 ዲግሪ ገደማ ላይ ስለሚፈላ ባቄላና ሽምብራ ቶሎ አይበስልም፤ ማታ ዘፍዝፈው ያሳድሩት። የመጀመሪያዎቹን ጥቂት ቀናት ቀስ ብለው ይራመዱ፣ ውሃ ያብዙ፤ ራስ ምታቱ ካልለቀቀ ከተማው ውስጥ ሆስፒታል አለ።

አሁን ወደ ጎረቤት እንምጣ። ወደ ሰው ቤት ሲሄዱ ደጅ ላይ ቆመው «ቤቶች!» ይበሉና «ግቡ» እስኪሉዎት ይጠብቁ። ሰላምታውን አያሳጥሩት፤ የቤቱ ሰው፣ ልጆቹ፣ ከብቱ፣ እህሉ ሁሉ ይጠየቃል። ትልልቆቹን አንቱ ይበሉ፤ እትዬ፣ ጋሼ፣ እማማ፣ አባባ እያሉ ይጥሩ። ቡና ሲጠሩዎት አቦሉን ጠጥቶ መነሳት ደግ አይደለም፤ በረካው እስኪወጣ ይቀመጡ። አብሮ የሚቀርበው የገብስ ቆሎ፣ ንፍሮ ወይም ዳቦ ነው። የመንዝ ምግብ በአብዛኛው ገብስ ነው፦ በሶው፣ ቅንጬው፣ ገንፎው፣ ጠላው ሁሉ። አረቄ የማይጠጡ ከሆነ ከመጀመሪያው ቀን ይናገሩ፤ አንድ ቀን ጠጥቶ ሌላ ቀን እምቢ ማለት ነው የሚያስከፋው። «በሞቴ» ተብሎ የተዘረጋ ጉርሻ ግን አይመለስም።

ብዙ በጎ ፈቃደኞች የሚሰናከሉት ከዚህ ቀጥሎ ነው። አምስት ጊዜ ቡና ጠጥተው አንድም ጊዜ አይጠሩም። ስኒና ረከቦት ይግዙ፤ ማፍላቱን ካልቻሉበት የጎረቤት ልጅ ታስተምርዎታለች፤ ከዚያ እርስዎም ይጥሩ። ቡናው ቢቀጥን ማንም አይቀየምም። በአጨዳ ወራት ገበሬ ወዳጅዎ ወንፈል ሲወጣ ማጭድ ይዘው ይከተሉት። ሥራው ላይ እምብዛም አይጠቅሙ ይሆናል፤ መምጣትዎ ግን ይቆጠራል።

ሐዘን ሲሆን አይቅሩ። ጎረቤት ሲሞት ትምህርቱም ስብሰባውም ይቆያል፤ እርስዎም ነጠላ ወይም ጋቢ ለብሰው ይሂዱ፤ «እግዚአብሔር ያጥናችሁ» ብለው ይቀመጡ። ብዙ መናገር አያስፈልግም። ስድስት ወርና ከዚያ በላይ የሚቆዩ ከሆነ የሰፈሩን እድር ዳኛ አነጋግረው መዋጮ መክፈል ይጀምሩ። ከማንኛውም ፕሮጀክት ይልቅ ይህ የሰፈር ሰው ያደርግዎታል ብዬ አምናለሁ። የወለደች ካለች ደግሞ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ለማለት ባዶ እጅ አይኬድም።

የሥራ ዕቅድዎን ከቀን መቁጠሪያው ጋር ያስታርቁ። ረቡዕና ዓርብ ጾም ነው፤ ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው። ወር በገባ በ12 ሚካኤል፣ በ21 ማርያም፣ በ29 በዓለ ወልድ ገበሬው አያርስም፤ ለስብሰባ ግን ከቤተ ክርስቲያን መልስ ሰው ይገኛል። አካባቢው የበልግም አገር ስለሆነ በየካቲትና በመጋቢት ዝናብ ሲጥል ልጆቹ ከትምህርት ቤት ቢቀሩ ሰነፎች ናቸው አይበሉ። ቀጠሮ ሲይዙ ሰዓቱ የኛ ሰዓት ነው፤ ከውጭ የመጣ ሰው ካለ ሁለት ጊዜ ይንገሩት።

ገንዘብ ወዳጅነትን ያበላሻል፤ ስለዚህ በጊዜ ይወስኑ። ሲበደሩዎት የማይመለስ ቢሆንም የማያስቀይምዎትን ያህል ብቻ ይስጡ። ከመምህራን ጋር እቁብ መግባት ከማበደር ይሻላል። መንገድ ላይ ለልጆች ከረሜላና ሳንቲም አይበትኑ፤ ደብተርና መጽሐፍ ካመጡ በርእሰ መምህሩ በኩል ይሰጥ። ፎቶ ከማንሳትዎ በፊት ይጠይቁ፤ ካነሱ ደግሞ አሳትመው ለባለቤቱ ይስጡ።

ሴት በጎ ፈቃደኛ ከሆኑ ከአከራይዎ እናት ጋር ይቀራረቡ። ማታ ከማን ጋር እንደሚሄዱ፣ ማን እንደሚጠይቅዎት እሷ ካወቀች የሰፈሩ ወሬ እሷ ጋ ይቆማል።

የዕረፍት ቀን ሲያገኙ ጓሳ ይሂዱ። 100 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሰፋው ይህ የሣር ምድር በዓለም ላይ ከ500 የማይበልጡት ቀይ ቀበሮዎች ከሚኖሩባቸው ጥቂት ቦታዎች አንዱ ነው። አስቦና ጌራ የተባሉ አባቶች ዘሮች ለመቶዎች ዓመታት ቀሮ በሚባል ሥርዓት ጠብቀውታል፤ ሣሩን ለዓመታት ይዘጉና ሲደርስ በአዋጅ ይከፍቱት ነበር። የ1967ቱ የመሬት አዋጅ ያን ሥርዓት ቢያፈርሰውም ማኅበረሰቡ ጥበቃውን መልሶ ይዞታል። ተመራማሪዎቹ ፒተር ፋሺንግና ንጋ ንጉየን እ.ኤ.አ. በ2005 የጭላዳ ጥናት ከጀመሩ ወዲህ ከውጭ የሚመጡ ወጣት ረዳቶች እዚያው በድንኳን እየኖሩ መንጋውን በየቀኑ ሲከተሉ ቆይተዋል። ሲሄዱ የማኅበረሰቡን አስጎብኚ ይዘው፣ የሚከፈለውን ከፍለው ይግቡ። የእረኞች ውሾች ኃይለኛ ስለሆኑ ከሩቅ ይጣሩ፤ እረኛው እስኪይዝልዎት አይቅረቡ።

መመለሻዎ ሲደርስ ሁለት ሳምንት አስቀድመው ይናገሩ። በድንገት የጠፋ እንግዳ ቅሬታ ይተዋል። የእድሩን መዋጮ ይጨርሱ፣ የተዋሱትን ድስት ይመልሱ፣ ብርድ ልብሱን ለሚያስፈልገው ይተዉ፤ ከዚያ በየቤቱ ዞረው ይሰናበቱ። ሽማግሌዎቹ ሲመርቁ ጎንበስ ብለው «አሜን» ይበሉ። ለእንቁጣጣሽና ለፋሲካ መደወል አይርሱ፤ ወደ አንዱ ቤት ሲደውሉ የሌሎቹንም ስም እየጠሩ ይጠይቁ፤ ስልኩ ከእጅ ወደ እጅ ይዞርልዎታልና በቂ ካርድ ይሙሉ።